ሻለቃ የጠፋ ዕለት

ጅራት የሌለው ነገር ጊንጥ አይባልም! ይህቺን ንግግሬን የግቢያችን ሰው በሙሉ በቃሉ ይዟት ነበር። እኔ ክርክር ከጀመርኩ ሳላሸንፍ አልተኛም፤ “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” የተባለው ለእኔ ነው። ባለቤቴ መኮንን “ካንቺ ጋር ከመከራከር ድንጋይ መፍለጥ ይቀለኛል” ይላል። እንግዲህ ይህ አፌ አንድ አርብ ቀን ምን ላይ ሊጥለኝ እንደነበር ላጫውታችሁ። 

አስናቀች እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ሀርጌሳ ውስጥ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ሹሩባ እየሠራሁ እኖራለሁ። መኮንን ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሥራ ሲገኝ ወደ ባሕሩ ወደብ ወደ በርበራ ይወርድና ወር፣ ሁለት ወር እዚያው ይከርማል። ልጅ የለንም። አንድ ጊዜ ከበርበራ ሲመለስ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። “ብቻዬን ሆንኩ እንዳትዪ ብዬ ነው” አለኝ። ጆንያውን ብገልጠው ጭቃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ትንንሽ ሸርጣኖች!

“እኔ ልጅ ስጠኝ ብዬ ስለት እሳላለሁ፣ አንተ ሸርጣን ታመጣልኛለህ?” ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ወጣ ሲል ግን አለቀስኩ።

እነዚህ ሸርጣኖች ለወጥ የሚሆኑ አይደሉም፤ ትልቁ እንኳ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ሴቶቹ ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ አላቸው። ወንዱ ግን ጉድ ነው። አንዱ እጁ ከሌላው ጋር የማይገናኝ፣ የገዛ ሰውነቱን የሚያህል ነው። ያንን ትልቅ እጁን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ላየው ሰው ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ከመጡት ውስጥ ወንዱ አንድ ብቻ ስለነበር “ሻለቃ” አልኩት።

መጀመሪያ በሳፋ ነበር ያስቀመጥኳቸው። ሁለቱ ሲሞቱብኝ እልህ ያዘኝ። መኮንን በርበራ ካለ አንድ ዓሣ አጥማጅ እየጠየቀ በስልክ ይነግረኝ ጀመር። ከተዘጋ ሱቅ የመስታወት ሳጥን ገዛሁ። መኮንን ከበርበራ ባሕር ዳርቻ ካመጣልኝ አሸዋ በአንድ ወገን ቁልል አደረግኩበት፤ በሌላው ወገን ውሃ። ውሃው ከቦቴ የተቀዳ ስለሆነ በረኪና በረኪና ይላል፤ በባልዲ ተከፍቶ ሳያድር አይገባም። የፋብሪካ ጨው አይሆናቸውም፤ ደረቁን የባሕር ጨው በልክ በጥብጬ ነው። ዓሣ ቆንጥሬ፣ ቅጠል ቀቅዬ አበላቸዋለሁ። የሀርጌሳ ጠዋት ብርድ ሲሆን ሳጥኑን በጋቢ እሸፍናለሁ። “እኔን እንዲህ ሸፍነሽ ታውቂያለሽ?” ይለኛል መኮንን።

የግቢው ባለቤት አደር ጃማ ናቸው። አደር ማለት በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጠራል። በስደቱ ዘመን ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። ሸርጣኖቹን ያዩ ቀን በከዘራቸው መስታወቱን እየነኩ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ቤቴ ውስጥ ጊንጥ ታረቢያለሽ?” አሉኝ።

“ጅራት የሌለው ነገር ጊንጥ አይባልም፣ አደር! ጅራቱን ያሳዩኝ!” ብዬ ጣቴን ለሻለቃ ሰጠሁት። ቆነጠጠኝ። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ነው፤ ያዝ ያደርግና ይለቃል። የግቢው ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ጎረቤቴ ካልቱምም ጣቷን ሰጠችው። ልጆቹም ተራ ገቡ። አደር ጃማ “ለእኔ አሁንም ጊንጥ ነው” ብለው ሄዱ እንጂ ክርክሩን እኔ አሸነፍኩ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ልጅ ሁሉ ቁርኣን ቤት ውሎ ሲመለስ መስኮቴ ላይ ይሰበሰባል። ሻለቃ እጁን ያነሳል፤ እነሱም እጃቸውን ያነሳሉ።

ከሁሉም ሂባ ትለይብኝ ነበር። የካልቱም ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በቅርቡ ነው። ካልቱም ጅግጅጋ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች ስለሆነች እኔና እሷ እንደ እህት ነን። ባሏ በድንበሩ ከተማ በወጃሌ መስመር ላይ የጭነት መኪና ይነዳል። ሁለታችንም ባሎቻችን መንገድ ናቸው፤ አብረን እንበላለን፣ አብረን እናማለን። ያን ጊዜ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ወሯ ገብቷል። ሂባ ደግሞ ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ የእኔን በር ነው የምታንኳኳው።

ያ አርብ ነው እንግዲህ። ጠዋት ውሃ ልቀይር ሳጥኑን የምከድንበትን ወንፊት ሳነሳ ሻለቃ የለም። ሴቶቹ አሉ፤ እሱ የለም። ከቀናት በፊት ጀምሮ ምግብ አልነካም ነበር፤ ጥግ ጥጉን ይል ነበር። አልጋ ሥር አየሁ፣ ጫማ ውስጥ አየሁ፣ ምጣድ እንኳ ገለጥኩ። የለም። ወጥቷል አልኩ።

ወደ ግቢው ወጣሁና በሶማልኛም በአማርኛም ለፈፍኩ። “ሻለቃ ጠፍቷል! ያየ ሰው እንዳይረግጠው! አትፍሩት፤ እንደምታውቁት አይጎዳም!”

ልጆቹ ዓለማቸውን አዩ። ባልዲ ይገለብጣሉ፣ ድንጋይ ያነሳሉ፣ “ሻለቃ! ሻለቃ!” ይላሉ። በግንቡ ጥግ መኮንን ከየሥራው ያተረፈው የሴራሚክ ክምር አለ። “አንድ ቀን የራሳችንን ቤት አነጥፍበታለሁ” እያለ ያከማቸው ነው፤ ክረምት ከበጋ ማንም አይነካውም። እኔ ከቤት ውስጥ ነበርኩ፤ የሂባን ጩኸት ከዚያ በኩል ሰማሁት።

ስወጣ ካልቱም አቅፋታለች። ሂባ የቀኝ እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች፤ በግራ ጣቷ ወደ ሴራሚኩ ታመለክታለች።

“ምን ሆነች?”

“ሻለቃችሁ ነዋ!” አለች ካልቱም እየሳቀች። “ስትፈልገው አገኘችው፤ እሱም ተገኘሁ ብሎ ቆነጠጣት። ወላሂ አስኒ፣ አንቺም ልጆችሽም ጉዶች ናችሁ።”

እጇን አየሁት። በመዳፏ ጠርዝ ላይ ቀላ ያለች ነጥብ አለች፤ ሌላ ነገር የለም። “ውይ የኔ እናት! ሻለቃ ነው? እመታልሻለሁ!” አልኳትና ሳምኳት። እሷ ግን ጣቷን አላወረደችም፤ ወደ ክምሩ እያሳየች ታለቅሳለች።

እኔስ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? እዚያ ነው ያለው ብዬ ሄድኩ። በሆዴ ተኛሁና በክምሩና በግንቡ መካከል እስከ ክርኔ ድረስ እጄን ሰደድኩ። “ሻለቃ፣ ና፣ ና” እያልኩ ዳሰስኩ። አቧራ ብቻ ነበር። 

ሂባ ለቅሶዋን አላቆመችም። ብስኩት ሰጠናት፤ ጣለችው። አዘልኳት፤ ተንፈራገጠች። ካልቱም እንቅልፏ መጥቶ ነው አለች፤ እኔ ደግሞ አስደንግጧት ነው አልኩ። ሁላችንም ሻለቃ ቆንጥጦን ያውቃል፤ ሁላችንም እንደማይጎዳ እናውቃለን። ስለዚህ ያለቀሰችበትን ነገር የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እየቆየ መስጊዶቹ አዛን አሉ። ወንዶቹ ሽርጣቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ለጁምዓ ወጡ። አደር ጃማም ወጡ። ግቢው የሴትና የልጅ ሆነ።

በመጨረሻ ዝም አለች። “አልሐምዱሊላህ፣ ተወት አደረጋት” አለች ካልቱም፤ ምንጣፍ ላይ አስተኛቻት። እኔም ቁስሉን በጨው ውሃ ላጥብላት ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። የባሕር ጨው የበጠበጥኩት ውሃ ከሳጥኑ ሌላ አልነበረኝም። ኩባያዬን ስነክር ከአሸዋው ቁልል ጥግ ላይ አንድ ነጭ ነገር ብቅ ብሎ አየሁ። የትልቅ መቆንጠጫ ጫፍ ነው።

 በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ሳብኩት። ሻለቃ ሙሉውን ወጣ፤ ዓይኑ፣ እግሩ፣ ትልቁ እጁ። ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለለኝ። ውስጡ ባዶ ነው። ሞቶ ደርቋል ብዬ ላለቅስ ስል ሥሩ ያለው አሸዋ ተንቀሳቀሰ። በጣቴ ጫር ባደርገው ሌላ ሻለቃ! ከበፊቱ ገዘፍ ያለ፣ የነጣ፣ የሚያብለጨልጭ። ትልቁን እጁን ብነካው እንደ ውሃ የነካው ዳቦ ረገብ አለልኝ።

መኮንን ነግሮኝ ነበር። “ዓሣ አጥማጁ ሸርጣን ልብሱን ይቀይራል አለኝ፤ ያን ጊዜ ይቀበራል፣ አትንኩት አለ” ብሎኛል። እኔ እንደ ልማዱ እየቀለደ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ ሻለቃ የትም አልሄደም። እዚሁ ተቀብሮ ልብሱን፣ ቅርፊቱን ማለት ነው፣ እየቀየረ ነበር። ቢወጣ እንኳ በዚህ በለሰለሰ እጁ ዝንብ አይቆነጥጥም።

ኩባያው ከእጄ ወደቀ። ታዲያ ሂባን የነካት ምንድነው?

እንዴት ግቢውን እንዳቋረጥኩ አላውቅም። ካልቱም በፍራሽ ተደግፋ በካርቶን ታራግብላታለች። ሂባ አልተኛችም። ግንባሯ በላብ ተጠምቋል፤ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል። ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ እንጂ እኔን አያዩም። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ነው።

“ካልቱም፣ ተነሺ። ሆስፒታል እንሂድ።”

“ለምን? ሸርጣን ቆነጠጣት ብለን? ይስቁብናል እኮ!”

“ሻለቃ አይደለም። ሻለቃ ከሳጥኑ አልወጣም።”

“አንቺ ነሽ ሻለቃ ጠፋ ያልሽው!”

“ተሳስቼ ነው። ካልቱም፣ ስሚኝ፣ ተሳስቻለሁ። ልጅቷን እያት!”

ከእኔ አፍ ያ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ ያኔ ፊቷ ተለወጠ። “ያ አላህ!” ብላ ለመነሳት ስትሞክር ሆዷ ከበዳት። ሂባን ብድግ አድርጌ አቀፍኳትና ወጣሁ። ካልቱም ሆዷን ይዛ ከኋላዬ ትከተለኛለች፤ በስልክ ባሏን ትጠራለች፤ ባሏ አያነሳም።

አርብ ቀን በጁምዓ ሰዓት ሀርጌሳን የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳውም። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ያ ሁሉ የሚንጫጫ መንገድ ጭር ብሏል። ባጃጅ ሞልቷል፤ በየጥጉ ተደርድሮ ቆሟል። ሹፌር ግን የለም! አንዱ ጋ ሮጥኩ፣ ሌላው ጋ ሮጥኩ፤ መቀመጫቸው ባዶ ነው። ዋናው አስፋልት ድረስ ልሂድ ብል ሩቅ ነው። ሂባ ክንዴ ላይ አንዴ ትገተራለች፣ አንዴ ትዝለፈለፋለች። ስታስታውክብኝ በአንገቴ ወረደ። “እመብርሃን፣ እመብርሃን፣ አደራሽን” እያልኩ ወደ መስጊዱ ታጠፍኩ። ሹፌሮቹ በሙሉ ያሉት እዚያ ነዋ!

ሰው ከመስጊዱ ሞልቶ መንገዱ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ተቀምጧል። ወንድ ብቻ፤ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኛል። በድምፅ ማጉያው የኢማሙ ድምፅ ይሰማል፤ ኹጥባ በሚባለው ስብከት ላይ ናቸው። ካልቱም ነግራኛለች፤ በኹጥባ ሰዓት አጠገብህ ያለውን “ዝም በል” ማለት እንኳ አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ሴት፣ ክርስቲያን፣ የሰው አገር ሰው፣ ሻሼ ከራሴ ወርዶ ትከሻዬ ላይ ያለ። ባለሁበት ቆምኩ። ሴት ልጅ ኹጥባ በጠበጠች ተብሎ ነገ ከሰፈሩ ብባረርስ? መኮንንስ ሥራውን ቢያጣ?

“እባካችሁ” አልኩ ቀስ ብዬ። የኋላው ረድፍ አልዞረም። “እባካችሁ፣ ሹፌር…” አንድ ወጣት በዓይኑ ገላመጠኝና ፊቱን መለሰ። ያኔ ሂባ ትንፋሿ ቆረጥ አለ። አንዴ፣ ከዚያ እንደገና። ፍርሃቴም ይሉኝታዬም ያኔ በነነ።

“ልጄ!” ብዬ ጮህኩ። “ልጄ ሞተችብኝ! የሰው ያለህ! ልጄን አድኑልኝ!”

በየትኛው ቋንቋ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ በሁለቱም ሳይሆን አይቀርም። የድምፅ ማጉያው ዝም አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ዞሮ አየኝ።  ከዚያ ከመሃል አንድ ሰው ተነሳ፤ የሰው ትከሻ እየያዘ፣ እየተሻገረ መጣ። አደር ጃማ ናቸው። ልጅቷን አዩ። ከጫማ ክምር ውስጥ የራሳቸውን አልፈለጉም፤ በባዶ እግራቸው ወደ ቪትዝ መኪናቸው ሮጡ። ኢማሙ በማጉያው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰዎች ብድግ ብድግ ብለው መንገድ ከፈቱልን። ኋላ እንደተነገረኝ ያሉት “ነፍስ ይቀድማል፣ አሳልፏቸው” ነው።

ካልቱምን ከመታጠፊያው ላይ ጫንናት። መኪናው ውስጥ አደር ጃማ በመስታወቱ አዩኝ።

“ያ ነገርሽ ነው፤ አይደል? ነግሬሽ ነበር።”

“አይደለም፣ አደር። እሱ ከአሸዋው አልወጣም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ።”

“ታዲያ ምንድነው?”

“ጊንጥ ይመስለኛል። ከሴራሚኩ ሥር።”

“አየሽው?”

“አላየሁትም።”

“አላየሽም! አሁንም ለሱ ትከራከሪያለሽ? ልጅ እየሞተች ለነፍሳት ትከራከሪያለሽ?” ብለው መሪውን በጥፊ መቱት።

 ለካ ሰው ሁልጊዜ ከተከራከረ፣ እውነት የሚናገርበት ቀን ሲመጣ የሚያምነው ያጣል! ካልቱም የሂባን እግር ይዛ ቁርኣን ትቀራለች፤ ወደ እኔ አታይም።

ሆስፒታል ስንደርስ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። ኢትዮጵያ ተምሮ የመጣ ስለሆነ አማርኛዬን ሲሰማ በአማርኛ መለሰልኝ። “ምን ነክሷት ነው?”

“ሸርጣን” አለች ካልቱም።

“ጊንጥ” አልኩ እኔ።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አየን። “ማን አየ?”

ማንም አላየም። ተናገርኩ። ሻለቃ ልብሱን እንደቀየረ፣ እንደ ዳቦ እንደለሰለሰ፣ ልጅቷ ወደ ሴራሚክ ክምሩ ታመለክት እንደነበር፣ ሁሉንም ትንፋሼ እየተቆራረጠ ዘረገፍኩት። እብድ መስዬ ይሆናል። እሱ እያዳመጠኝ ዓይኗን በባትሪ አየ፤ ልቧን አዳመጠ፤ ነጥቧን ጫን ሲያደርገው ሂባ እጇን መነጨቀችው። ምራቋን፣ ላቧን፣ የሚንቀጠቀጥ እግሯን አየ።

“ሸርጣን እንዲህ አያደርግም። ይህ የጊንጥ መርዝ ነው፤ ለሕፃን ከባድ ነው” አለ፤ ነርሶቹን ጠራ። ኦክስጅን አደረጉላት፣ ጉሉኮስ ተከሉላት። ሲወጋት ሂባ አላለቀሰችም። ያ ነው ወገቤን የቆረጠኝ፤ ጠዋት ሙሉ ዝም በይልኝ ያልኳት ልጅ፣ አሁን ድምፅ እንዲወጣት እለምናለሁ።

በር ላይ ያለችው ነርስ “እናት ብቻ ትግባ” አለች። ወደ ኋላ ስል ካልቱም ክንዴን ጨመደደችኝ። ከቤት ከወጣን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው። “መስጊድ ሙሉ ሰው ‘ልጄ’ ስትል ሰምቷታል። ትገባለች” አለቻት። ነርሷ አልገባትም፤ ግን አሳለፈችን።

ሐኪሙ “አሁን ልቧንና ትንፋሿን ነው የምንጠብቀው” አለን። ጠበቅን። ካልቱም በአንድ ወገን፣ እኔ በአንድ ወገን። የደረቷን ከፍ ዝቅ እያየሁ አብሬያት እተነፍሳለሁ፤ እሷ ስታቆም አቆማለሁ። አንድ ጊዜ ከንፈሯ ሲጠቁር ሐኪሙን ጠራን፤ እሱም ከአልጋው አባረረን፤ በግድግዳው ተደግፈን እጅ ለእጅ ተያያዝን። “አስኒ፣ እኔ ሳቅኩ እኮ” አለችኝ ካልቱም። “ስታለቅስ እኔ ነኝ የሳቅኩት።” “ሁላችንም ስቀናል” አልኳት። 

አደር ጃማ እኛን አድርሰው ጠፍተው ነበር። የአስር ሰላት፣ የከሰዓቱ ጸሎት፣ ካለፈ በኋላ ተመልሰው መጡ። አሁን ጫማ አድርገዋል። በእጃቸው ክዳኑ የጠበቀ የማር ብልቃጥ ይዘዋል። ለሐኪሙ አሳዩት፣ ከዚያ ለእኔ ዘረጉልኝ። ጅራቱን ወደ ጀርባው ያጠፈ፣ ቢጫ ጊንጥ ነው። ሴራሚኩን አንድ በአንድ በአካፋ እያነሱ ነው ያገኙት፤ ከታች፣ እጄን ከሰደድኩበት በኩል።

“ይኸውልሽ” አሉኝ። ዝቅ ብለው ተቀመጡና ግንባራቸውን ጠረጉ። “የአንቺንም አየሁት። አሸዋው ውስጥ ነው፤ እንዳልሽው ነው። ወንፊቱን ክፍት ትተሽው ነበር፤ ከደንኩልሽ።”

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እሳቸው ግራ ገብቷቸው “በይ፣ በይ፣ በቃሽ” ይሉኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሂባ ዓይኗን ሰብስባ እናቷን አየች። አፏን ከፈተች፣ ከዚያ አገር ይያዝልኝ ብላ አለቀሰች! ካልቱምና እኔ እንደ ሰርግ እልል ልንል ምንም አልቀረንም። ሐኪሙ እየሳቀ ገባ። “አሁን ታልቅስ፤ የፈለገችውን ያህል ታልቅስ” አለ። እዚያው አድረን ወጣን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። መኮንን በስልክ ሰምቶ ከበርበራ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ሴራሚኩን በሙሉ መስጠት ነው፤ ለመስጊዱ የውዱ መታጠቢያ ተነጠፈ። “የራሳችን ቤት?” ስለው “ሰው ይሻላል” አለኝ። የግቢው ልጆች ለሳምንታት ወደ መስኮቴ አልቀረቡም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ አይደል! ሸርጣኖቹን ወደ ባሕሩ መልስልኝ ብዬ ጀሪካኑን ሳዘጋጅ ካልቱም መጥታ ቀማችኝ። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም። ሻለቃ ባይቀበር ኖሮ ልጆቹ ያንን ክምር አይነኩም ነበር፤ ሻለቃን ተቀብሮ ባላገኘው ኖሮ ደግሞ ካልቱም ያን ማታ ልጇን ትቀብር ነበር። ልርገመው ወይስ ልመርቀው? 

ልጅ ዛሬም አልወለድኩም። ብታዝኑልኝ አልከፋም። ግን በጁምዓው መንገድ ሳልፍ የማላውቃቸው ሽማግሌዎች “ልጅሽ እንዴት ናት?” ይሉኛል። መጀመሪያ “የእኔ አይደለችም፣ የጎረቤቴ ናት” እያልኩ አስረዳ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ። “ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ” እላለሁ፤ ክርስቲያኗ እኔ!

ክርክሬን ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፤ መኮንንን ጠይቁት። አንድ ነገር ብቻ በልቤ ቀርቷል። ያን ቀን ሁላችንም ለሂባ ማን እንደነካት ነገርናት እንጂ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷ በዚያች ትንሽ ጣቷ እያሳየችን ነበር፤ እኛ አዋቂዎች ነንና ጣቷን ሳይሆን አፋችንን ነበር የሰማነው። እናንተም ልጅ ሲያለቅስባችሁ “ምንም አይደለም” ለማለት አትቸኩሉ። ትናንት ሂባ ግቢ ውስጥ ወድቃ እያለቀሰች መጣች። ካልቱም አዲሱን ሕፃን ታጠባ ነበር፤ እኔ የሰው ፀጉር ይዣለሁ። ሹሩባውን በመሃል ለቅቄ ተነሳሁ፤ ደንበኛዬ ተቆጣች። ተንበረከክኩና “የቱ ጋ ነው?” አልኳት። ጉልበቷን አሳየችኝ። ተጫረች እንጂ ሌላ ምንም አልሆነችም። ቢሆንም ለቅሶዋ እስኪያልቅ ድረስ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።